ለእህቴ ልጅ ያወጣሁለት የብረት ፕሮግራም

«ጋሼ፣ አንድ ኩንታል አነሳሁ እኮ!» ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። የእህቴ ልጅ ነው፣ 16 ዓመቱ። ቪዲዮው ላይ መቶ ኪሎው እውነትም ከመሬት ተነስቷል። ጀርባው ግን እንደተቆጣች ድመት ጎብጧል።

እኔም በ17 ዓመቴ ሰፈር ጂም ውስጥ ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ ወገቤ ቀጭ ብሏል። ሁለት ሳምንት መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ። እናቴ ወጌሻ አስጠራች። ዛሬም ካልሲ የማጠልቀው ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አልተቆጣሁትም። «ደብተር ግዛ» አልኩት።

ፓወርሊፍቲንግ የሚባለው የብረት ማንሳት ውድድር ሦስት ነገር ነው፤ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)። ስትሮንግማን የሚባለው የጉልበተኞች ውድድር ደግሞ መሸከም፣ መጎተትና ድንጋይ አቅፎ ማንሳት አለው። ለጀማሪ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። መጀመሪያ እግር፣ ወገብ፣ ጀርባና የእጅ ጭብጥ ይጠንክር።

ሰኞ ስኳትና ቤንች። ረቡዕ ዴድሊፍት፣ ከዚያ ቆሞ ብረት ከራስ በላይ መግፋት። አርብ እንደገና ስኳትና ቤንች ቀለል አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ ሸክም። ከሸክሙ በስተቀር ሁሉም 3 ዙር፣ በየዙሩ 5 ጊዜ። በመሀል 3 ደቂቃ እረፍት፤ ስልክ ግን ቦርሳ ውስጥ።

የሚጀመረው በባዶ ዘንግ ነው። ደረጃውን የጠበቀው ዘንግ ብቻውን 20 ኪሎ ነው፤ አያሳፍርም። ለዴድሊፍት ዘንጉን ከሁለቱም ወገን ጡብ ላይ አስቀምጠው፤ ከመሬት 22 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። አለዚያ ወገብህ ያለ ዕዳው ይጎብጣል። ክብደቱ በቆርቆሮ የተሞላ ሲሚንቶ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመን። እኔ በጀመርኩበት ጂም «20» ከተባሉት አንዱ 17፣ ሌላው 22 ነበር። ሚዛን ላይ አውጣው።

በየሳምንቱ 2.5 ኪሎ ጨምር። ትንንሾቹ ክብደቶች ከሌሉ በዚያው ኪሎ 5 የነበረውን 6፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 8 አድርሰው። 8 ሲሞላ 5 ኪሎ ጨምረህ ወደ 5 ተመለስ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካቃተህ ከመቶ አሥር ቀንስና እንደገና ውጣ። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ እያንዳንዱን ዙር ገና ሌላ ሁለት ጊዜ ማንሳት እየቻልክ አቁም። ልጁ ይሄን ሲሰማ ተናደደ። «ታዲያ ምኑን ሠራሁት?» አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት አቅምህን አትፈትንም፣ አቅም ታጠራቅማለህ።

አሁን ወደ ወገብ። የእህቴን መቀነት ወሰድኩና ሆዱ ላይ አሰርኩለት። «አየር ሳብ» አልኩት። ትከሻው ወደ ላይ ተነሳ፣ መቀነቱ ልል እንዳለ ቀረ። አየሩን ደረቱ ላይ ነው ያስቀረው። «ወደ ሆድህ አውርደው። መቀነቱን ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከኋላም ግፋው።» በሦስተኛው ሙከራ መቀነቱ ዙሪያውን ጠበቀ። ያን አየር ይዘህ ነው ብረት የሚነሳው፤ የምትለቀው ብረቱ ቦታው ሲደርስ ነው።

ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት ጀርባው ላይ አቆምኩ። እንጨቱ ጭንቅላትን፣ የላይኛውን ጀርባና መቀመጫን ይንካ። እጁ የሞላ ሰው በር በመቀመጫው ሲዘጋ እንደሚያደርገው መቀመጫህን ወደ ኋላ ግፋ። ከሦስቱ አንዱ ከእንጨቱ ከለቀቀ ተመለስ። አንድ ሳምንት ሙሉ በእንጨት ብቻ ሠራ። አልወደደውም።

ለሸክም ዕቃ አትግዛ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ ልምምዱን ያውቀዋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ነው። በሁለት እጅ ሁለት፣ 30 እርምጃ፣ አራት ዙር። መያዣው ጣት ስለሚቆርጥ ጨርቅ ጠቅልልበት። ሲቀልህ ደረቅ አሸዋ ሙላበት፤ 30 ኪሎ ያልፋል። ድንጋይ ለማቀፍ ደግሞ ሁለት ማዳበሪያ ደራርበህ 30 ኪሎ አሸዋ ጨምርና በሲባጎ እሰረው። አትጠቅጥቀው፤ እቅፍ ውስጥ መታጠፍ አለበት። መርካቶ ከሄድክ ተሸካሚዎቹን እያቸው። ኩንታሉን ሌላ ሰው ያሸክማቸዋል፣ እርምጃቸው አጭርና ፈጣን ነው። ይሄን ማንም አሠልጣኝ አላስተማራቸውም።

እህቴ «ልጄን ድንክ ልታደርገው ነው?» ብላኝ ነበር። ብረት ቁመት ያስቀራል የሚባለው ማስረጃ የለውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በአግባቡ የተመራ የጉልበት ልምምድ እድገትን እንደማይጎዳ ጽፏል። የሚጎዳው ብቻህን ሆነህ፣ ጀርባህን አጉብጠህ፣ የማትችለውን ስትሞክር ነው። ቤንች ስትሠራ ሁልጊዜ በራስጌህ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው ይኑር።

ዱቄት ፕሮቲን እንድገዛለት ጠየቀኝ። እንቁላል ብላ አልኩት። በሁዳዴ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ከበላህ በኋላ ሥራ፣ ኪሎ ግን አትጨምር፣ የያዝከውን ጠብቅ። እንቅልፍ ቢያንስ 8 ሰዓት። ይሄ ከሁሉም ያቃተው ነው።

ስልኩ ላይ እንግሊዛዊው ስትሮንግማን ኤዲ ሆል በፈረንጆቹ 2016 በዴድሊፍት 500 ኪሎ ሲያነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ አለው። ሰውዬው ግን በልጅነቱ ዋናተኛ እንደነበር ልጁ አያውቅም ነበር። ነገርኩት፣ ዝም አለ።

አራተኛ ወራችን ነው። ደብተሩ ላይ ትናንት የጻፈው «ዴድሊፍት 60 ኪሎ፣ 3 ዙር በ5፣ ጀርባ ቀጥ» ይላል። እህቴ ግን ትናንት ውሃ ሲመጣ ጀሪካን ፈልጋ ሁለቱንም አሸዋ ሞልቶባቸው አገኘቻቸው። የደወለችው ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነው።