በቆሎ ገና ሲበቅል ቁራን ከቤተሰብ ጋር መከላከል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቁራ የሚፈልገው ቅጠሉን ሳይሆን ከአፈር ሥር ያለችውን ፍሬ ነው። ቡቃያው ስንዝር ሲሞላ ፍሬዋ ተመጥጣ ስለምታልቅ ቁራው ማሳውን ይተወዋል። ስለዚህ ጥበቃው ከዘር ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃል፤ ግን በእነዚህ ቀናት የሚሠራ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል።

ቡቃያው እስኪታይ መጠበቅ። ቁራ በሬውን ተከትሎ ከፈሩ ላይ የቀረ ዘር የሚለቅመው ገና በዘሩ ዕለት ነው። የቀመሰ ይመለሳል። ዘሩን ከሦስት እስከ አራት ጣት ጥልቀት ቅበሩት፣ የፈሰሰውን ልጆች ይልቀሙት፣ ጥበቃውም በማግስቱ ንጋት ይጀመር።

የትሉን ጥፋት በቁራ ማላከክ። የወደቀውን ቡቃያ አንሡና ሥሩን እዩ። ቅጠሉ ደህና ሆኖ ፍሬዋ ከሌለች፣ አፈሩም ተጭሮ ትንሽ ጉድጓድ ከተገኘ ቁራ ነው። አገዳው ከመሬት እኩል ተቆርጦ ፍሬዋ አፈር ውስጥ ከቀረች ግን ቆራጭ ትል ነው፤ ዙሪያውን በጣት ጫር ጫር ስታደርጉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ለትል ወንጭፍ አይሆነውም።

ማስፈራሪያ ተክሎ መርሳት። ቁራ ሲበዛ አስተዋይ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭምብል አጥልቀው ቁራዎችን ከያዙ በኋላ፣ ወፎቹ ያንኑ ፊት ከዓመታት በኋላም ለይተው ሲጮሁበት ታይቷል። የማይንቀሳቀስ ጨርቅማ ቶሎ ይለምደዋል። ማስፈራሪያውን በየሁለት ቀኑ ቦታ ቀይሩለት፤ ጠባቂው የሚለብሰውን ካፖርት አልብሱት። አንዳንድ ማለዳ ደግሞ ማስፈራሪያውን ነቅላችሁ ጠባቂው ራሱ በዚያው ካፖርት ሳይነቃነቅ ይቁም፤ ቁራው ሲያርፍ ወንጭፉን ይልቀቅበት። ከዚያ ወዲያ ሰውና ጨርቁን መለየት ይቸግረዋል።

አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ማቆም። የሚያሰጋው ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስኪመሽ ነው። በመሃሉ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት፤ ማሳውን አዋቂ አልፎ አልፎ ቢያየው ይበቃል። ጠባቂ አንድ ብቻ ከሆነ ቁራው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይዞራል፤ ስለዚህ ሁለት ሆነው በአንድ ወገን በሁለቱ ማዕዘን ይቁሙ፣ ወደ አንድ አቅጣጫም ይወርውሩ። ፊት ለፊት ቆሞ መወራወር ዓይን ያጠፋል። ድንጋይም አያስፈልግም፦ ጭቃ በሎሚ መጠን አድቦልቡላችሁ ምድጃ አጠገብ አድርቁ። ጓሉ መሬት ሲነካ ፍርክስክስ ይላል፤ ማሳውም ላይ ድንጋይ አይከማችም።

እህል በመርዝ ለውሶ መበተን። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። መርዙን የሚበላው ቁራ ብቻ አይደለም፤ ዶሮውም፣ እርግቡም ይበላዋል፤ የሞተውን የሚበላ ውሻና ጥንብ አንሳም ይሞታል። በመድኃኒት የተለወሰ ምርጥ ዘር ቢተርፍም ታጥቦ ለቆሎ ወይም ለዶሮ አይሰጥም።

የጎደለውን ዘግይቶ መተካት። ቡቃያው በወጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ክፍተቱን ተመልከቱና ያን ዕለት ዝሩት። ከዘገየ ቀድሞ የበቀለው ያጠላበትና አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለተተካውም ጥበቃው እንደ አዲስ ይቆጠራል።