ዱባይ ለምትገቡ፦ የበሩን ቁጥር ፎቶ አንሱ

ደሴ ላይ «ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ከመስጊዱ ጎን» ካልን ቤቱ ይገኛል። ዱባይ ግን ፎቁ ሁሉ ተመሳሳይ የሆነበት ሰፈር አለ፤ አዲስ ገቢ በተለይ ማታ ይጨነቃል።

መፍትሔው የሕንፃው መግቢያ ላይ የተለጠፈው ባለ 10 አኃዝ «መካኒ» ቁጥር ነው። በገባችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት፣ ወረቀት ላይም ጻፉት። በነፃው የመካኒ መተግበሪያ ስታስገቡት እስከ በሩ ይመራችኋል። ቁጥሩ የሰፈሩ ሳይሆን የዚያ መግቢያ ብቻ ነውና ቋንቋ ባትችሉም ስልኩን ለሹፌሩ ማሳየት ትችላላችሁ። ትልቅ ሕንፃ ብዙ መግቢያ አለው፤ የምትጠቀሙበትን በር ቁጥር ያዙ።

ደሴ ላለው ቤተሰብም ላኩላቸው፣ እባካችሁ። ችግር ቢመጣ የት እንዳላችሁ ማወቃቸው ትልቅ ነገር ነው። ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉት።

ሪያድና ጅዳ የምትሄዱ፣ የእናንተ ሌላ ነው፦ 4 ፊደልና 4 አኃዝ ያለው አጭር አድራሻ።