በሰው ኮምፒውተር ኢሜይል ከፍቶ በሰላም መውጣት

ደሴ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ማሰሻውን ብከፍት የማላውቀው ሰው ኢሜይል ተከፍቶ ጠበቀኝ። ከላይ የሥራ ማመልከቻ፣ ከሥሩ የመታወቂያ ቅጂ። ዘጋሁለት። የሚቀጥለው ተጠቃሚ ግን እኔ ባልሆንስ?

ከቤት ሲወጡ ስልክዎን ይያዙ። ጂሜይል በማያውቀው ኮምፒውተር ሲገቡ «እርስዎ ነዎት?» ብሎ ኮድ ወደ ስልክዎ ሊልክ ይችላል። ከኩታበር ድረስ መጥቶ ስልኩን የረሳ ሰው ማመልከቻውን ሳይልክ ይመለሳል።

ክሮም በሚባለው ማሰሻ ላይ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የእንግሊዝኛውን ኤን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ማሰሻው ፋየርፎክስ ከሆነ በኤን ፋንታ «ፒ» የሚለውን ፊደል። የሚመጣው መስኮት ሲዘጋ የገቡበትን ገጽ አያስታውስም። እዚያ ጂሜይልን ከፍተው አድራሻዎንና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ። ማሰሻው «ላስቀምጥልዎ?» ካለ እምቢ ይበሉ።

«ኮምፖዝ» የሚለውን ተጭነው የተቀባዩን አድራሻ፣ ርዕሱንና መልእክቱን ይጻፉ። ርዕሱን ባዶ የሚተዉ ብዙ ናቸው፤ ማመልከቻ የሚቀበል ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ፋይል ለማያያዝ የወረቀት መቆንጠጫ ምስሏን ይንኩ። ከ25 ሜጋባይት የበለጠውን ጂሜይል ራሱ ጉግል ድራይቭ ወደሚባለው የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ ወስዶ ማገናኛውን ይልካል። ፋይሉ ተጭኖ ሳያልቅ «ሴንድ» አይበሉ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋም አይደንግጡ፤ የጻፉት በየጊዜው «ድራፍትስ» ውስጥ ይቀመጣል። ተሳስተው ከላኩ ደግሞ ከታች በግራ ጥግ መመለሻ ብቅ ይላል፤ የሚቆየው 5 ሰከንድ ነው፣ በቅንብሩ ውስጥ እስከ 30 ሊያራዝሙት ይችላሉ።

አሁን መውጫው። የአንዱን መስኮት ኤክስ መጫን ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ተመሳሳይ መስኮት ክፍት ከቀረ ኢሜይልዎ አይዘጋም። በቀኝ ከላይ ያለችውን ክብ ምስል ተጭነው «ሳይን አውት» ይበሉ፣ ከዚያ መስኮቶቹን ሁሉ ይዝጉ። ሰው የሚረሳው ግን ሌላ ነው፦ ለማተም ያወረዱት ፋይል በዚያው መስኮት ቢወርድም «ዳውንሎድስ» ውስጥ ይቀራል። የዲግሪዎ ቅጂ ለሚቀጥለው ደንበኛ እንዳይቀመጥ እዚያ ገብተው ይሰርዙት፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ ያድርጉ።

«ሳይን አውት» ሳይሉ መምጣትዎ ሸዋ በር ታክሲ ውስጥ ትዝ ካለዎት መመለስ አያሻም። በስልክዎ የጉግል መለያዎን ከፍተው «ሴኩሪቲ» ከሚለው ሥር የመሣሪያዎችዎን ዝርዝር ያገኛሉ። ያን ኮምፒውተር መርጠው ያስወጡት፤ የይለፍ ቃልዎንም ወዲያው ይቀይሩ።