ወደ ቤት የዘመመ ባሕር ዛፍ እንዴት እንደወረደ
40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባሕር ዛፍ ወደ ቆርቆሮው ዘመመ፤ ከዝናቡ በኋላ ደግሞ በጀርባው በኩል አፈሩ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጫፉ ተቆረጠ። ከተቆረጠው ቦታ የሚበቅለው አዲስ ቅርንጫፍ ግን አያያዙ ደካማ ስለሆነ ነፋስ ይገነጥለዋል። በናይለን ገመድ ወደ ኋላ ማሰርም አልሠራም፤ ናይለን ይለጠጣል።

የሠራው ይኸ ነው፦ የብረት ገመድ ከዛፉ ቁመት ሁለት ሦስተኛ ላይ ታስሮ በቲርፎር (በእጅ በሚሠራ የገመድ መጎተቻ) ከቤቱ በተቃራኒ ተወጠረ። ቲርፎሩ ከዛፉ ቁመት በላይ ይራቅ፤ አለዚያ ዛፉ ጎታቹ ላይ ይወድቃል። በመውደቂያው በኩል የግንዱ ውፍረት ሩብ ያህል በሽብልቅ ቅርጽ ወጣ። ከኋላ ትንሽ ከፍ ተብሎ ሲቆረጥ በሁለቱ ቁርጦች መካከል 4 ሴንቲ ሜትር እንጨት ሳይነካ ቀረ። እንደ ማጠፊያ የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱም ከተቆረጠ ዛፉ ወደፈለገው ይዞራል። የጉቶው ቅርፊት እስከ መሬት ካልተላጠ መልሶ ያቆጠቁጣል።