ኤክስኦር የተደረገ ፋይል አልፈታ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንድ እድር ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው መጡ። የአባላቱ መዝገብ በድሮ ፕሮግራም የተያዘ ነው፤ ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ደግሞ የለም። ፋይሉ ሲከፈት ዝብርቅርቁ የወጣ ነገር ነው። እሳቸው «ቫይረስ በልቶታል» ብለው ደምድመዋል። አልበላውም፤ ኤክስኦር (XOR) ተደርጎ ነው፣ ማለትም እንዳይነበብ በሚስጥር ቁልፍ ተቆልፏል። እያንዳንዱ ባይት (ፋይሉ የተሠራበት ትንሽ ቁጥር) ከቁልፉ፣ ማለትም ከሚስጥር ቁጥር ወይም ቃል ጋር ተደባልቋል፣ በዚያው ቁልፍ ድጋሚ ኤክስኦር ሲደረግ ይመለሳል። የሚፈታው ስክሪፕት፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ አምስት መስመር ቢሆን ነው። የሚያስቸግረው ዙሪያው ነው።

ችግር፦ ስክሪፕቱ ገና ሲነሳ በኤረር ይቆማል

«ዩኒኮድ ዲኮድ» ወይም «ቻርማፕ» የሚል ነገር ካያችሁ፣ ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ከፍታችሁታል ማለት ነው። በ«አርቢ» (rb) ክፈቱ፣ በ«ደብሊውቢ» (wb) ጻፉ፤ ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ባይት የሚያስተናግዱ ናቸው። ያኔ እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ የፓይተን የኤክስኦር ምልክት የሆነው ^ም ያለ ጭቅጭቅ ይሠራል።

ችግር፦ ቁልፉ አይታወቅም

መጀመሪያ ፋይሉን እዩት። የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ + እና / ብቻ ካለበት፣ መጨረሻው ላይም = ካለ፣ ላዩ ቤዝ64 ነው፣ ባይቶችን በተራ ፊደል የሚጽፍ ዘዴ። እሱን ሳትፈቱ ኤክስኦር ብትሞክሩ ልፋት ብቻ ነው።

ከዚያ ባይቶቹን በቁጥር አትሙ። አማርኛ እዚህ ላይ ውለታ ይውላል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው የተለመደ ዘዴ) የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት ሦስት ሦስት ባይት ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ነው። የእድሩ ፋይል የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦

187 210 239 187 210 199

187 በየሦስት ባይቱ ይመላለሳል። 225 ^ 187 ስትሉ 90 ይወጣል። በ90 ስትመልሱት 225 136 181 እና 225 136 157 ታገኛላችሁ። «ስም» ማለት ነው፣ የመጀመሪያው ዓምድ ርዕስ። አለቀ። እንደዚህ ቁልፉ አንድ ባይት ብቻ ሲሆን 256ቱንም ቁልፍ በየተራ መሞከር ይቻላል፣ ግን የሚነበበውን ከማይነበበው መለየቱ ራሱ ሥራ ነው።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ባይት ክፍት ቦታ ነው፤ ቁጥሩ 32። ትልቁ ፊደል ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኖ ከወጣ ቁልፋችሁ በ32 ስቷል። ቁልፉን ^ 32 አድርጉት።

ችግር፦ መጀመሪያው ይነበባል፣ ከዚያ ይበላሻል

ሰው ወዲያው ቁልፉን ይጠራጠራል። ቁልፉ ባይሆንማ መጀመሪያውም ባልተነበበ! ቁልፉ ከአንድ ባይት በላይ ሆኖ እየተደጋገመ የሚሠራ ሲሆን፣ የት ላይ እንደሚበላሽ ቁጠሩ። ልክ የቁልፉ ርዝመት ሲያልቅ ከሆነ፣ ቁልፉን ካነበባችሁበት ፋይል አዲስ መስመር (10) አብሮ ገብቷል፤ ቁረጡት። 4096 ላይ ከሆነ፣ ፋይሉን እየቆራረጣችሁ ስታነቡ የቁልፉን ተራ የሚይዘው ቆጣሪ በየቁራሹ ከዜሮ እየጀመረ ነው። ቆጣሪው ለፋይሉ ሙሉ አንድ ይሁን። በመስመር በመስመር ማንበብም አይሆንም፤ የተደባለቀ ፋይል ውስጥ 10 አዲስ መስመር ማለት አይደለም።

ችግር፦ ቁልፉ የአማርኛ ቃል ነው፣ አልሠራም

ቁልፉ «ሰላም» ነው እንበል። የፊደሉን የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መለኪያ) ቁጥር በቀጥታ ከወሰዳችሁ ሰ 4656 ነው። ከ255 ስለሚበልጥ ባይት አይሆንም፣ ፓይተንም «ቫልዩ ኤረር» ብሎ ይቆማል። አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን በ256 አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። ኤረሩ ይጠፋል፣ ውጤቱ ግን ገደል ነው። መጀመሪያ ቃሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩት፤ ሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ይሆናል።

ይህን አድርጋችሁም ግማሽ በግማሽ ከተነበበ፣ ፊደሉን ተጠራጠሩ። ሠሪው «ሠላም» ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ሰ 225 136 176፣ ሠ 225 136 160። ከዘጠኙ ባይት አንዷ ብቻ በ16 ትለያለች። ምልክቱ ደስ ይላል፦ ለ የነበረው መ፣ ላ የነበረው ማ ሆኖ ይወጣል። ክፍት ቦታ አንዳንዴ «0» የሚለው አኃዝ ይሆናል። ክፍት ቦታው አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ከሱ በኋላ ስህተቱ ወደ ሌላ የፊደሉ ባይት ይዞራል፤ ያኔ የማታውቁት ፊደል ወይም ጥያቄ ምልክት ታያላችሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ካሉበት ሁሉንም ሞክሩ። በእጅ ሳይሆን ስክሪፕቱ ይዙርበት።

ችግር፦ ተፈትቷል ግን አማርኛ አይመስልም

225 የሚባል የትም ከሌለ፣ ቁልፉም ትክክል መሆኑን በቁጥሮቹና በቀኖቹ ካረጋገጣችሁ፣ ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የድሮ ፎንቶች የላቲን ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ኤክስኦሩን ተዉት፣ እሱ ጨርሷል። ፎንቱን ጭናችሁ ክፈቱት፤ ከተነበበ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ፈልጉለት።