የሰፈራችሁ ወንጀል በእርግጥ ጨምሯል? ቆጥሮ የማወቂያ መንገድ

ወልድያ፣ ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው ስልኩን ከተነጠቀ ወሬው በማግስቱ ከተማውን ያዳርሳል። ሱቅ በጊዜ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ጭር ያለ መንገድ ደግሞ ለነጣቂ ይመቻል። ወሬን በቁጥር መፈተሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ደብተር፣ ካልኩሌተር ያለው ስልክ፣ በእጅ የተሳለ የሰፈር ካርታና ቢያንስ የሁለት ዓመት መረጃ ይበቃል።

መጀመሪያ፦ የምትቆጥሩትን ለዩ

"ወንጀል" ብላችሁ ሁሉን በአንድ አትደምሩ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በ669፣ ውንብድናን በ670 ለይቶ ያስቀምጣል። ሳይታወቅ ከኪስ የወጣ ስልክ ስርቆት ነው፤ ባለቤቱን በጩቤ አስፈራርተው ከወሰዱት ግን ውንብድና ይሆናል። መዝጋቢው ሲቀየር አመዳደቡም ሊቀየር ስለሚችል፣ አንዱ ዓይነት ድንገት ሲያሻቅብ ሌላው በዚያው ልክ ወርዶ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፦ መዝገቡን አግኙ፣ የጎደለውንም ሙሉ

ለፖሊስ ጣቢያው በቅሬው (በሰፈሩ ዕድር) ስም ደብዳቤ ጻፉ። የምትጠይቁት አራት ነገር ነው፦ ዓይነት፣ ወር፣ ቦታና ሰዓት። የተበዳይም ሆነ የተጠርጣሪ ስም እንደማትፈልጉ በግልጽ ጻፉ፤ ኃላፊው መረጃውን ለመስጠት ይቀለዋል። ቀኑ ወንጀሉ የተፈጸመበት ይሁን አቤቱታው የቀረበበት ጠይቁ። በሰኔ የተዘረፈ ሰው በሐምሌ ካመለከተ ጉዳዩ ወደ ሌላ በጀት ዓመት ሊሻገር ይችላል።

የፖሊስ መዝገብ የደረሰውን ሁሉ አይዝም። ወሎ ውስጥ ብዙ ጠብና ጉዳት በአበጋር (በባህላዊ አስታራቂ) እና በሽማግሌ ስለሚያልቅ ጣቢያ አይደርስም። ይህ ዕርቅ የሰፈር ሀብት ነው፤ ለቆጠራ ግን ክፍተት ይፈጥራል። ስለዚህ ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን እያንዳንዱን አባወራና እማወራ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ በቤተሰባችሁ ላይ ስርቆት ወይም ንጥቂያ ደርሷል? ደርሶ ከሆነ ለፖሊስ አመልክታችኋል? 20 ሰው ደረሰብኝ ብሎ ያመለከተው 8 ብቻ ከሆነ ፖሊስ የሚያየው 40 በመቶውን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከ20ው 14ቱ ቢያመለክቱ፣ ወንጀሉ ባይጨምርም የፖሊስ ቁጥር ከ8 ወደ 14 ይወጣል። በዚህ የተነሳ ጣቢያውን መውቀስ ትልቅ በደል ነው፤ ሰው አምኖ ማመልከት መጀመሩ መልካም ዜና ነውና።

ለማመልከት የሚሄድ ሰው ቃሉ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተነቦለት፣ መፈረም እንዳለበት ይወቅ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያዘው ይህንኑ ነው። ሲነበብለት ቦታውና ሰዓቱ በትክክል መጻፉን ያረጋግጥ።

ሦስተኛ፦ በሕዝብ ብዛት አካፍሉ

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የወንጀሉ ቁጥር ሲካፈል ለነዋሪው ቁጥር፣ ሲባዛ በ100,000። ስህተቱ የሚገባው በነዋሪው ቁጥር በኩል ነው። በ1999 ቆጠራ ደሴ በጠቅላላው 151,174 ሰው ነበራት፤ ከዚህ ውስጥ ከተማው ውስጥ የሚኖረው 120,095 ሲሆን ቀሪው በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነበር። በዓመት 240 ስርቆት ተመዘገበ እንበል። በመጀመሪያው ቁጥር ስታካፍሉ 159፣ በሁለተኛው 200 ይመጣል። ስርቆቱ አንድ ነው፣ ደሴም አንድ ናት። የትኛውን እንደያዛችሁ ከውጤቱ አጠገብ ጻፉ፣ ከዓመት ዓመትም አትቀያይሩት። ያ ቆጠራ ዛሬ አርጅቷል፤ ለአንድ ሰፈር ከሆነ ቤት ለቤት ዞሮ መቁጠር ይሻላል። ቅሬው የአባላት መዝገብ አለው፤ ተከራዮችን ግን ብዙ ጊዜ ስለማይዝ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች በተከራዩበት ግቢ ሁሉ እየገባችሁ ጨምሩ።

ገበያ ያለበት ከተማ ለብቻው ይታያል። ባቲ ሰኞ ሰኞ ከአፋርም ከደጋውም በሚመጣ ሰው ትሞላለች። የሰኞን ስርቆት በነዋሪው ብቻ ማካፈል የባቲን ሰው ያለ ጥፋቱ ሌባ ያሰኛል። የገበያውን ቀን ለብቻ፣ ቀሪዎቹን ስድስት ቀናት ለብቻ አስሉ።

አራተኛ፦ ጳጉሜን አትርሱ

የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ጳጉሜ የምትገባው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ስለሆነ ያ ሩብ 95 ቀን አለው፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን 96። ሌሎቹ ሦስቱ 90 ቀን ናቸው። በመጀመሪያው ሩብ 95፣ በሁለተኛው 90 ስርቆት ከተመዘገበ "ወንጀል ቀነሰ" የሚል ሪፖርት ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ግን በቀን አንድ ነው። ሁልጊዜ በቀን አካፍሉ፣ ሩብ ዓመትንም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር አነጻጽሩ።

መነሻ ዓመት ስትመርጡ 2014ን ተዉት። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ በእነዚያ ሳምንታት ቁጥር ቢያንስ ሰላም ነበር ማለት አይደለም። በሐምሌ መጨረሻ 2015 በአማራ ክልል ላይ የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የቆየባቸውንም ወራት በተለየ ቀለም አስምሩባቸው።

አምስተኛ፦ ለውጡ እውነት ይሁን አጋጣሚ ፈትኑ

ትንሽ ከተማ ላይ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። የሁለቱን ዓመት ቁጥር ደምሩ፣ የድምሩን ዳግም ዘር (ካልኩሌተሩ ላይ √) ፈልጉ፣ በ2 አባዙት። የሁለቱ ዓመት ልዩነት ከዚህ ካነሰ ጨመረም ቀነሰም አትበሉ። አምና 28፣ ዘንድሮ 36 ንጥቂያ ቢኖር ድምሩ 64፣ ዳግም ዘሩ 8፣ በ2 ሲባዛ 16 ነው። ልዩነቱ 8 ብቻ ነውና "29 በመቶ ጨመረ" ብሎ ማወጅ አያስኬድም። ከ28 ወደ 50 ቢወጣ ግን ልዩነቱ 22፣ ድንበሩ 18 ገደማ ስለሆነ ለውጡ ይታመናል። ግድያ ከ2 ወደ 4 ሲወጣ "በእጥፍ ጨመረ" የሚባለውም በዚህ ሚዛን አይቆምም። የጠፋው ነፍስ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ግድያ ራሱን ችሎ ይመረመራል እንጂ በመቶኛ አይነገርም።

ስድስተኛ፦ ቦታውንና ሰዓቱን አግኙ

ካርታው ላይ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ነጥብ አድርጉ፣ ከጎኑ ሰዓቱን ጻፉ። "2 ሰዓት" ብቻ ተብሎ የተጻፈውን ጠዋት ይሁን ማታ ሳታረጋግጡ አትውሰዱ። የሱቅ ካሜራ 20 ሰዓት ካለ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ይህ ከተምታታ ሮንዱ (በተራ ሰፈሩን የሚጠብቀው ቡድን) ባዶ ሰዓት ሲጠብቅ ያድራል። ከነጥቦቹ ብዙዎቹ በአንድ መታጠፊያ፣ በአንድ ደረጃ ወይም በአንድ የታክሲ መውረጃ ተሰብስበው ካገኛችሁ ገንዘባችሁንና ጉልበታችሁን እዚያ ብቻ አውሉ።

ሰባተኛ፦ አንድ ቦታ አስተካክሉ

መብራቱን ከሰው ቁመት በላይ ስቀሉት፣ ወደ መሬትም ይዙር። ዓይን ላይ የሚያበራ አምፖል ከበስተጀርባው የቆመውን ይሰውራል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉም አስቡ፤ ከተቻለ አንዱን በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አድርጉት። የመስመሩ ቆጣሪ በማን ስም እንደሆነና ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ይህ ካልተወሰነ አምፖሉ ሲቃጠል የሚቀይረው አይገኝም።

60 ቤት ያለው ሰፈር በየምሽቱ አራት ሰው ቢያሰማራ ተራ የሚደርሰው በ15 ቀን አንዴ ነው። ከዚህ ካጠረ ሰው ይሰለቻል፣ መቅረት ይጀምራል። ሮንዱ ሌሊቱን ሙሉ ከሚዞር ካርታው ባሳየው ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 እስከ 4፣ ቢጠብቅ ብዙ ያተርፋል። የአባላቱን ስም ዝርዝር አስቀድማችሁ ለጣቢያው ስጡ። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ሕጉ ለመያዝ ይፈቅዳል፣ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ መሰጠት አለበት። መምታት፣ ማሰር፣ ግቢ ማሳደር ክልክል ነው፤ ሮንዱን ራሱን ተከሳሽ ያደርጋል።

ከሦስት ወር በኋላ ያንን ቦታ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ሁለት ሦስት መንገዶችም ቁጠሩ። መብራቱ የበራበት ቀንሶ ጎረቤት ቅሬ ዘንድ በዚያው ልክ ከጨመረ ነጣቂው ቦታ ቀይሯል ማለት ነው። ያኔ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደዚያ ቅሬ ሰብሳቢ ሂዱና ሁለቱን ካርታ አንድ ላይ ዘርጉ።