ሰልፍ ላይ ቆሜ በረራ ካመለጠኝ ወዲህ፦ በተጨናነቀ አየር ማረፊያ ቼክ ኢን ማድረግ

በረራ ያመለጠኝ አርፍጄ አይደለም። ከአየር ማረፊያው በር ስገባ አውሮፕላኑ ሊነሳ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይቀረው ነበር። የአምስት በረራ መንገደኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጭቋል፤ ሰልፉ በገመዶቹ መካከል ሲታጠፍ ሲታጠፍ ቆይቶ ጫፉ በሩ ጋ ደርሷል። ማንንም ሳላስቸግር ተራዬን ጠብቄ ቆምኩ። ካውንተሩ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ፓስፖርቴን ተቀበለችኝ፣ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች።

«ይሄ በረራ ከተዘጋ 11 ደቂቃ ሆነው» አለችኝ።

«እዚሁ ሰልፍ ላይ ነበርኩ እኮ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ያን ቀን ጥያቄዋ ስድብ መስሎ ነው የተሰማኝ። ቆይቶ ግን የአክስቴ ልጅ አስረዳችኝ። እሷ ቼክ ኢን ካውንተር ላይ 6 ዓመት ሠርታለች። «ካውንተር ውስጥ ያለ ሰው እኮ የሚያየው ከፊቱ የቆመውን አንድ ሰው ብቻ ነው» አለችኝ። «ስክሪኑ ‹ገና ያልመጡ 14 መንገደኞች› ይለኛል። 14ቱ ሰልፍ ላይ ይሁኑ፣ ታክሲ ውስጥ ይሁኑ፣ ጭራሽ ትተውት ይሁን፣ እኔ በምን አውቃለሁ?» ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኔ ዝም ብሎ ቆሞ በረራው እንዳያመልጠው ነው።

ሰዓቱን ከመነሻው ሳይሆን ከመዝጊያው ቁጠሩ

ቲኬት ላይ ጎልቶ የሚታየው የመነሻ ሰዓት ነው። እናንተን የሚወስነው ግን ካውንተሩ የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ብዙ አየር መንገዶች 60 ደቂቃ ሲቀር ይዘጋሉ፤ ከዚያ ቀድመው የሚዘጉም፣ ትንሽ የሚታገሡም አሉ። የእናንተን ቲኬቱ ላይ ወይም የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጋችሁ ጻፉት።

ለምን እንደዚያ ቀድሞ እንደሚዘጋ ማወቁ ንዴትን ያበርዳል። ቼክ ኢን ሲዘጋ የመንገደኛው ብዛትና የሻንጣው ክብደት ይቆረጣል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሎድ ሺት የሚባል ሰነድ ይሠራል፤ አውሮፕላኑ በጠቅላላው ስንት ኪሎ እንደያዘ፣ ክብደቱም ከፊትና ከኋላ እንዴት እንደተደለደለ የሚያሳይ ነው። ካፒቴኑ እሱ ሳይደርሰው አይነሳም። ሻንጣችሁም ተፈትሾ፣ በየበረራው ተለይቶ፣ በጋሪ ተጎትቶ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ «አውሮፕላኑ እኮ ገና እዚህ ቆሟል» የሚለው ክርክር ካውንተር ላይ ሰሚ የለውም።

እኔ አሁን ስልኬ ላይ አላርም እሞላለሁ፤ በረራው ሊነሳ 90 ደቂቃ ሲቀረው ይጮሃል። ያኔ ገና ሰልፍ ላይ ከሆንኩ ከጎኔ ያለውን ሰው «ቦታዬን ያዙልኝ» ብዬ ወጥቼ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እፈልጋለሁ። የምናገረው አጭር ነው፦ የበረራ ቁጥሬ፣ የምሄድበት ከተማ፣ የሚዘጋበት ሰዓት፣ ሰልፉ ላይ ያለሁበት ቦታ። «እህቴ፣ የሰልፉ ገመድ ውስጥ እንኳ አልገባሁም፤ በረራዬ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል። የት ልሂድ?» ጥያቄው «የት ልሂድ» መሆኑን ልብ በሉ። «ምን ዓይነት አሠራር ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሰውየው ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል፤ «የት ልሂድ» ስትሉት ግን መንገድ ማሳየት ሥራው ነውና ያሳያችኋል። ባለፈው ይህን ስል ሠራተኛዋ ወደ ሰልፉ ዞራ የበረራ ቁጥሩን ጮክ ብላ ጠራች። ሰባት ሰው እጁን አወጣ። ሰባታችንንም ዳር ላይ ወዳለ ባዶ ካውንተር ወሰደችን። ስድስቱ ዝም ብለው ቆመው የነበሩ ናቸው።

መጨናነቁ ማዕበል ነው

ትልልቅ የትራንዚት አየር ማረፊያዎች ቀኑን ሙሉ እኩል አይጨናነቁም። መንገደኛ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ በሌላው እንዲቀጥል ሲባል በረራዎች ሆን ተብሎ ተቀራርበው ያርፋሉ፣ ተቀራርበውም ይነሳሉ። በመሐል አዳራሹ ጭር ይላል። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን የአየር ማረፊያውን የመነሻ ሰሌዳ በኢንተርኔት ተመልከቱና ከእናንተ በረራ አንድ ሰዓት በፊትና በኋላ ስንት በረራ እንዳለ ቁጠሩ። ከአሥር በላይ ከሆነ እኔ ካውንተሩ ሲከፈት እዚያ ለመገኘት እሞክራለሁ። ለረጅም በረራ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው 3 ሰዓት ሲቀረው ነው። ከዚያ በጣም ቀድሞ መሄድ ብዙም አይጠቅምም፤ ሻንጣ የሚቀበል ካላገኛችሁ የራሳችሁን ሻንጣ እየጠበቃችሁ ነው የምትቆዩት።

በኢንተርኔት ቼክ ኢን ማድረግ የሚቻል ከሆነ አድርጉ። ብዙዎቹ 24 ሰዓት ሲቀረው ይከፍታሉ፤ 48 ሰዓት የሚሉም አሉ። ትልቁ ጥቅሙ ወንበር መምረጡ አይደለም። ሻንጣ ብቻ የሚያስረክቡ ሰዎች የሚቆሙበት ሌላ ሰልፍ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ እሱ በጣም ያጥራል። ሳትጠይቁ ግን ሰልፍ አትግቡ። አንዴ 40 ደቂቃ ቆሜ ስደርስ የቢዝነስ ክላስ ሰልፍ ሆኖ አገኘሁት፤ ጽሑፉን ከፊቴ የነበረው ሰው ትከሻ ሸፍኖት ነበር። ገመዱ አፍ ላይ ስትደርሱ የቆመውን ሰው «ይሄ የየትኛው በረራ ነው? ሻንጣ ለማስረከብ ነው ወይስ ለሙሉ ቼክ ኢን?» በሉት። ሁለት ጥያቄ፣ አሥር ሰከንድ።

ሚዛኑ ላይ ሻንጣ የሚከፍት ሰው አትሁኑ

ካውንተር ፊት ወለል ላይ ሻንጣ ከፍቶ ጫማና ሹራብ ወደ እጅ ሻንጣ የሚያዛውር መንገደኛ ሁላችንም አይተናል። ያ ሰው ራሱ ተሳቅቋል፤ ከኋላው ያለው ሰልፍም ቆሟል። እቤት የሰው ሚዛን ካለ ሻንጣውን አቅፋችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ። ኢኮኖሚ ላይ በብዛት የሚፈቀደው ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ቲኬታችሁ ሌላ ሊል ይችላል፣ እዩት። 32 ኪሎ የሚባለው ጣሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። ብትከፍሉም አንድ ሻንጣ ከዚያ በላይ እንዲሆን በአብዛኛው አይቀበሏችሁም። ምክንያቱ ያንን ሻንጣ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ጫኝ ወገብ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከባድ ሻንጣዬን ለሁለት መክፈል አይከብደኝም።

ፓወር ባንክ ወደ ሆድ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ ሊቲየም ባትሪ ማንም በማያየው ቦታ ሊቃጠል ስለሚችል ክልክል ነው። በእጅ የሚያዘው ደግሞ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው በሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ በቮልቱ አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 20,000 የሚለው በ3.7 ቮልት 74 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ያልፋል።

የድሮ ጉዞ ታግ (እጀታው ላይ የሚጠመጠመውን ወረቀት) እና ትንንሽ ባርኮድ ስቲከሮችን ከሻንጣው ላይ ልጣችሁ ጣሉ። ማሽኑ አሮጌውን ካነበበ ሻንጣው ወዳልሄዳችሁበት ሊሄድ ይችላል።

ካውንተሩ ላይ

ፓስፖርቱን ከሽፋኑ አውጥታችሁ ፎቶው ያለበት ገጽ ላይ ከፍታችሁ ስጡ። ቪዛ ካለ ገጹን አሳዩ። የመመለሻ ቲኬት፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ ስልክ ውስጥ ከሆነ ስክሪኑ በርቶ ይጠብቅ። አየር ማረፊያው ዋይፋይ ሲጨናነቅ ኢሜይል አይከፈትም፤ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።

ብዙ መንገደኛ የሚናደደው እዚህ ነው። «ቪዛዬን የሰጠኝ ኤምባሲ ነው፤ ይቺ ማን ናትና ትመረምረኛለች?» እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ያደረሰ አየር መንገድ ሰውየውን መልሶ መውሰድ አለበት፣ ብዙ አገሮችም ይቀጡታል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ቲማቲክ የሚባለውን የአያታ (የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር) የመረጃ ቋት ከፍታ የምትሄዱበት አገር፣ የምታልፉበት አገርም ጭምር ምን እንደሚጠይቅ ታያለች። አገሩ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት እየጠየቀ የእናንተ ያን ያህል ካልቀረው፣ ወይም ትራንዚት የምታደርጉበት አገር የማለፊያ ቪዛ ከጠየቀ፣ እሷ ብትራራላችሁ እንኳ ልታሳልፋችሁ አትችልም። «አይቻልም» ካለቻችሁ «እባክሽ ሕጉ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» በሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዴን ዓይነት ተሳስቶ ነበር የመረጠው። ድምፄን ሳላነሳ «የካርዱን ስም እንደገና እናየው?» አልኩት፤ ሁለታችንም ስክሪኑን አየነው፣ ተስተካከለ።

ታጉ ታትሞ ሲወጣ ዓይናችሁን ከሱ አታንሡ። ረጅም ነጭ ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ በትልቁ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ፤ የመድረሻችሁ አየር ማረፊያ መለያ ናቸው። የመድረሻችሁን ኮድ ቲኬቱ ላይ አይታችሁ በቃላችሁ ያዙት። እኔ እጀታው ላይ ሲጠመጠም አንድ ቀን የማላውቀውን ኮድ አየሁ። ከእኔ በፊት የተስተናገደው ቤተሰብ ታግ ኖሯል፤ ሁለቱ ተከታትለው ታትመው ተደባልቀዋል። ሠራተኛዋ ደነገጠች፣ ቶሎ ቀደደችው፣ ከዚያ ሳቅ ብላ «ተባረኪ» አለችኝ። አዳራሹ ውስጥ ከዚያ በፊት ስንት ሰው ሲጮህባት እንደዋለ ድምፅዋ ይነግራል። «ሻንጣው እስከ መጨረሻው ይሄዳል ወይስ መሐል ላይ ልቀበለው?» ብላችሁም ጠይቁ፤ በተለይ ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ከያዛችሁ።

ቦርዲንግ ፓሱ (የመሳፈሪያ ወረቀቱ) ላይ የወንበር ቁጥር ከሌለ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። በረራው ከወንበሩ በላይ ተሽጦ ሊሆን ይችላል። «ወንበሬ የተረጋገጠ ነው ወይስ ጌት ላይ ነው የሚሰጠኝ?» በሉ፤ ጌት ላይ፣ ማለትም የመሳፈሪያው በር ላይ ከሆነ ቀድማችሁ እዚያ ድረሱ፣ ራሳችሁንም አስተዋውቁ።

ሠራተኛው ሲያመናጭቅ

ያጋጥማል። አንዱ ፓስፖርቴን ወርውሮልኝ ያውቃል፤ ካውንተሩን ተሻግሮ መሬት ወደቀ። ድካም ያንን ትክክል አያደርገውም፤ እንዲህ ሲደረግባችሁ ዝም በሉ አልልም። ግን እዚያው መጮህ በረራችሁን አያድንም። ማናገር የምትፈልጉት ሰው አለቃው ነው። «ሱፐርቫይዘር ማናገር እፈልጋለሁ» በሉ፤ በረጋ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ። የካውንተሩን ቁጥርና ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ደረቱ ላይ ስም ካለ ስሙንም። እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ያኔውኑ በአምስት መስመር ጽፌ ቅሬታ ላክሁ። የካውንተር ቁጥርና ሰዓት ስላለው የይቅርታ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ሠራተኞቻችሁ ባለጌ ናቸው» ብዬ ብልክ ኖሮ ማንን ይጠይቁ ነበር?

እናቴን ይዤ ስሄድ ዊልቸር የማዘው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀደም ብዬ፣ ለአየር መንገዱ ደውዬ ነው። እዚያ ደርሶ መጠየቅም ይቻላል፤ ግን በተጨናነቀ ሰዓት ገፊ እስኪገኝ እሷ ወንበር በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ትቆማለች፣ ጉልበቷ አይችልም።

የታጉን ቁራጭ አትጣሉ

ካውንተር ላይ የሚሰጧችሁ ትንሿ ቁራጭ ወረቀት ላይ 10 አሃዝ ቁጥር አለ። ፎቶ አንሱት፣ ሻንጣውንም እዚያው ሚዛኑ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱት። መዳረሻ ላይ ሻንጣው ካልመጣ ሻንጣ የሚፈልገው ሠራተኛ «ምን ዓይነት ነው?» ሲላችሁ «ጥቁር» ብቻ ከማለት ያድናል። ከአዳራሹ ሳትወጡ ሪፖርት አስመዝግቡና የሪፖርቱን ቁጥር ተቀበሉ። በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በጽሑፍ የምታመለክቱት ከተቀበላችሁት በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ለዘገየ ደግሞ እጃችሁ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ። እቤት ደርሳችሁ ሻንጣውን ከፍታችሁ ሁሉንም እስክታዩ ድረስ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ፓስፖርታችሁ ውስጥ ትቆይ።